አባቴ በበጋ የተቀባው የጽጌረዳ ሽቶ

አባቴ ሽቶ ተቀብቶ ከጓዳ የወጣበትን ጠዋት አልረሳውም። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነው፤ የወልቂጤ ፀሐይ በማለዳው የቤታችንን ቆርቆሮ ማንጣጣት ጀምራለች። ታላቅ እህቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣ ፀጉሬን ትጎነጉናለች፤ ታናሻችን አጠገባችን ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጃፉ ወጣና ሦስታችንንም ዋጠን። የጽጌረዳ ሽታ ነው። የእህቴ እጅ ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ቆመ። እንግዳ ሴት ገብታ ሳናያት የቀረን መስሎኝ ዞር ስል አባቴን አየሁት። ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን ደፍቷል። እኛን ሳያይ አልፎን ወደ ሱቁ ሄደ።

"አባ ነው?" አለች ታናሻችን።

ታላቅ እህቴ ጉንጉኔን እንደያዘች ተነሥታ ከኋላው ታየዋለች።

አባቴን ለማያውቅ ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል ሊል ይችላል። ሽቶ የሚቀባ ወንድ በከተማው አልጠፋም ነበር፤ አስተማሪዎቹም፣ የወረዳው ጸሐፊም ይቀባሉ። አባቴ ግን የተወለደው ቸሃ ነው፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ውስጥ ተሸክሞና ቆጥቦ፣ በጎልማሳነቱ ተመልሶ ወልቂጤ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲና የልብስ ሳሙና ይሸጣል። እኛ የምናውቀው የአባታችን ሽታ የላምባና የሳሙና ሽታ ነበር። ታላቅ እህቴ አንድ ጊዜ የሚሸት የገላ ሳሙና ገዝታ ብትመጣ መልሺ ብሎ ወደ ገዛችበት ሱቅ ልኳታል። "በዚህ ቤት የሚሸተው ቅቤና ቆጮ ነው" አላት። እሷም እያለቀሰች መለሰችው። ያ ሰው ነው ጽጌረዳ ሸቶ የወጣው።

ሽቶው የወንድ ሽቶ ነበር። ጠርሙሱን በኋላ ሱቅ ውስጥ ከጨው ጆንያዎች ጀርባ አግኝቼ ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ከአበባው ሥር ደግሞ ቀጭን ጺም ያለው ባለ ኮት ሰው ተስሏል። ክዳኑን ስከፍተው ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ችግሩ ፀሐይ ነው። ጠዋት ላይ የአበባ የነበረው ነገር ቀትር ሲሆን ከላብና ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ይወፍራል፤ ተከፍቶ እንደተረሳ ማርማላት ይሆናል። አባቴ ደግሞ ይህ አልበቃ ብሎት ቀትር ላይ ወደ ኋላ ክፍል ገባ ይልና እንደገና ተቀብቶ ይወጣል። ላምባ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ይሄዳሉ። ከሱቁ ፊት ለፊት ቅቤ የምትሸጠው ሴትዮ "ሙሽራው" የሚል ስም አወጣችለት። በሳምንት ውስጥ ከተማው ሁሉ ሙሽራው ይለው ጀመር። አባቴ እየሰማ ጨውና ላምባውን ይሰፍራል።

ሙሽራ የሚለው ስም እናቴን የባሰ አቆሰላት፤ ቤታችን እውነተኛ ሠርግ ነበረበትና። ታላቅ እህቴ ታጭታለች፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴን እኛ አዶት እንላታለን፤ በአገራችን ቋንቋ እናት ማለት ነው። አዶት ዝምተኛ አይደለችም፤ ያን ሰሞን ግን ዝም አለች። ዝም ብላ አባቴን ትመለከተዋለች።

የምታየውን እኔም አያለሁ። በበረባሶ ከተማውን ሲዞር የኖረው ሰው በዚያ ሙቀት ካልሲ አድርጎ ቆዳ ጫማ ያስራል። ከአዶት ጎን መተኛት ትቶ ሌባ በዝቷል በሚል ሰበብ አልጋውን ወደ ሱቁ ኋላ ክፍል አዛውሯል። እኔን ግን ከሁሉ የጎዳኝ የእግር ውኃው ነው። ከሱቅ ሲመለስ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቅርቤ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሲታጠብ የቀኑን ወሬ ይነግረኛል፣ መጨረሻ ላይ እርጥብ እጄን ይዞ ይመርቀኛል። ከሽቶው ጋር ይህም ቀረ። ሳፋውን ይዤ ብሄድ "ተይው፣ ራሴ እታጠባለሁ" አለኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ምን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አዶት ዝምታዋን ሰበረች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ትሸታለህ።"

አባቴ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው እንዲህ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ምን እሸታለሁ?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ጽጌረዳ ነዋ! ሌላ ምን ትሸታለህ?"

ትንፋሹን ለቀቀ። የፊቱ ቀለም ሲመለስ ይታየኛል። "ሙቀቱ ነው" አለ፤ "ላብ በዛብኝ።" ጉርሻውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ። እኔ ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የሚደብቀው ነገር አለ። አዶትም የገባት ይኸው ነበር፤ እሷ ግን የሚደብቀው ነገር ሴት መሆኗን አልተጠራጠረችም።

ሽቶውን የሚሸጠው በከተማችን የነበረ አንድ የየመን ዐረብ ነው። አዶት ክር የምትገዛ መስላ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ዐረቡ ጨዋ ሰው ነው፤ በርጩማ አቀረበላት፣ ስለ ሠርጉ ጠየቃት።

"ባለቤቴ ከአንተ ሽቶ ይገዛል?" አለችው።

"ይገዛል። አንዱ ሳያልቅ ሌላ ይወስዳል።"

"ለማን ነው?"

ዐረቡ ግራ ተጋባ። "ለራሱ ነው እንጂ። የወንድ ነው። ከሁሉ የሚበረታው የቱ ነው አለኝ፤ ይህ ነው አልኩት። ግን የጽጌረዳ ሽቶ በበጋ ይከብዳል፣ ለክረምት ይሻልሃል፣ ለአሁኑ የሎሚውን ውሰድ ብዬ መከርኩት። የሚከብደውን ነው የምፈልገው አለኝ።"

አዶት ክሩን ሳትገዛ ተነሳች። መንገድ ላይ "የሚከብደውን" እያለች ደጋገመችው። 

ነገሩን የጨረሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቴ እሑድ እሑድ የማያስታጉል፣ ገብቶ የሚያስቀድስ ሰው ነበር። ያን ሰሞን ግን ከቅጥሩ አልፎ አይገባም፤ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። በአገራችን ወንድ እንዲህ ሲያደርግ ሰው የሚያስበው የታወቀ ነው፤ ከሴት ጋር ስላደረ ንጹሕ አይደለም ይባላል። በጾም ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው። አዶት ከሴቶቹ መካከል ሆና ያን ዛፍ ታያለች፣ ሴቶቹ ደግሞ እሷን ያያሉ። በሦስተኛው እሑድ ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ቸሃ ሰው ላከች፤ ወንድሟ እንዲመጣ።

አጎቴ መጣ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ፤ አጎቴ፣ የንስሐ አባታችን ቄስና ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት። እኛን ልጆቹን ወደ ውስጥ ላኩን። ሦስታችንም ከግድግዳው ሥር ተቀምጠን በበሩ ስንጥቅ እናያለን። ከፀሐዩ የተነሣ ግቢው ነጭ ሆኗል። አባቴ መጥቶ ፊታቸው ተቀመጠ፤ ሽቶው እኛ ያለንበት ድረስ ገባ። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉ።

አዶት አልተቅለሰለሰችም። አልጋ መለየቱን፣ ሽቶውን፣ ጫማውን፣ የዛፉን ሥር ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። "ልጄ ልትዳር ነው፤ አማቾቼ ፊት ሙሽራው የሚባል ባል ይዤ አልቀመጥም። ሴትዮዋ ቡታጅራም ትሁን አዲስ አበባ፣ ይንገረኝና ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት ልግባ።"

"ሰማህ?" አለው አጎቴ።

"ሰማሁ።"

"ሴት አለች?"

"የለችም።"

"እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው" አሉ ጎረቤታችን። "ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ተነሥ፣ አብረን እንሂድ። ጫማህን አውልቀህ ግባና በታቦቱ ፊት ሴት የለችኝም በል። እሷም ታምንሃለች፣ እኛም ወደየቤታችን እንሄዳለን።"

አባቴ አልተነሣም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ጫማው ላይ ዝንብ አርፏል፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው። ያን ያየሁት ገና ያኔ ነው። ሌላው ጫማው ላይ የለም።

"ተነሥ እንጂ" አለው አጎቴ። "ወይም እውነቱን ተናገር።"

አባቴ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሊሄድ መስሏቸው እነሱም ሊነሡ አሰቡ። እሱ ግን እዚያው ተቀምጦ ጫማውን አወለቀው። ካልሲው በእግሩ ላይ ደርቋል፤ ቀስ ብሎ፣ የፍሬ ልጣጭ እንደሚልጥ ሰው፣ ላጠው። ከዚያ እግሩን ወደ ፀሐዩ ዘረጋው።

አውራ ጣቱ ጠቁሯል። እንደ ከሰል ነው የጠቆረው። ከሥሩ በውስጥ እግሩ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ ነጭ፣ ውስጡ አረንጓዴ። ሽታው ከጽጌረዳው ጋር ተደባልቆ መጣ። ታናሽ እህቴ እጄን ስለነከሰችኝ ነው መጮህ ፈልጋ እንደነበር ያወቅሁት። የሚገርመኝ አባቴ ካልሲውን ሲያወልቅ ፊቱን እንኳ አልቋጠረም። ሌላ ሰው እግር የሚያሳይ ይመስል ነበር።

ጎረቤታችን ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። "ቁምጥና" አሉ፣ በሹክሹክታ። አጎቴ በርጩማውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ቄሱ አማተቡ፤ ለመባረክ ይሁን ለመሸሽ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አባቴ የሁሉንም ፊት በተራ አየ፤ የጠበቀውን ያየ ሰው ይመስል ነበር።

አዶት ቆማ ቀረች። ከዚያ ሄዳ ፊቱ ተንበረከከችና እግሩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ለዚህ ነው?" አለችው።

"ለዚህ ነው።"

"ሴት በሆነች ይሻለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ" አላት።

አዶት ወደ ቤቱ ዞራ ውኃ አምጡ ብላ ተጣራች። ያን ውኃ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ስሮጥ ግማሹ ደጃፉ ላይ ፈሰሰ።

ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ተበተኑ። አጎቴ ግን ግቢውን ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። በርጩማውን ቀድሞ ወደነበረበት አስጠጋና ተቀመጠ።  "አታት ላይ የፈረንጅ ሐኪም ቤት አለ ይላሉ፤ መኪና እፈልጋለሁ" አለ። በማግስቱ ወደ ሆሳዕና መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ፤ ለሹፌሩ ሰውየው እግሩ ተሰብሯል አለው። አባቴ፣ አዶት፣ አጎቴና እኔ በተጫኑት ጆንያዎች ላይ ወጣን። እኔን የወሰዱኝ ውኃ እንዳቀብልና ዕቃ እንድይዝ ነው። አባቴ ሊሳፈር ሲል ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። አዶት እጁን ያዘችው።

"ሹፌሩ ቢሸተው ያወርደናል" አላት።

ለቀቀችው። መንገዱን ሁሉ በዚያ አቧራ ውስጥ ጽጌረዳ እየሸተትን ሄድን።

አባቴን ያየችው ነጭ መነኩሲት ናት። አማርኛዋን የተማረችው ከአገሬው ሰው ስለሆነ ልክ እንደ እኛ ጉራጌኛ ጉራጌኛ ይላል፤ ከፈረንጅ አፍ እንዲህ ያለ ንግግር ሲወጣ አዶት ደግማ ደግማ አየቻት። መነኩሲቷ እግሩን ገልጣ ስታይ አፍንጫዋን አልያዘችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዐይኑን አስጨፍና በጥጥና በመርፌ ሰውነቱን መንካት ጀመረች። ጆሮውን ዳሰሰች፣ ክንዱን ከክርኑ በላይ ጫን አደረገች፣ ጀርባውን አስገልጣ አየች።

"ቁስሉ ላይ ምን አደረግህ?" አለችው።

"ሽቶ።"

"ሽቶ? ቁስሉ ላይ?"

"መጀመሪያ ሚስማር ነው የወጋኝ። ከሣጥን ላይ የወጣ ሚስማር ጫማዬን በስቶ ገብቶ፣ ደሙን ሳይ ነው ያወቅሁት። አላመመኝም። ሲሸት ጊዜ ሽቶ ገዛሁ፣ ያጥብልኛል ብዬም አፈሰስኩበት። ሽቶ ቁስል ላይ ሲፈስ ያቃጥላል አይደል? አላቃጠለኝም። ውኃ ያፈሰስኩ ያህል ነው። ያኔ አወቅሁት።"

"ምኑን አወቅህ?"

ቃሉን ሊጠራው አልፈለገም። አዶት ናት የጠራችው።

መነኩሲቷ ብዙ ውኃ ትጠጣለህ ወይ አለችው። እጠጣለሁ አለ። ሽንትስ? ቀንም ሌሊትም አለ። ከዚያ አንድ እንግዳ ነገር ጠየቀች፤ ሽንቱን በሸናበት ቦታ ጉንዳን ይመጣል ወይ? አዶት ቀና አለች። ከቤታችን ጀርባ፣ አባቴ ከሚሸናበት አጥር ሥር፣ ጉንዳኑ አልለቅ ብሏት አመድ እየበተነች ስትከላከል ከርማለች። ለማንም ሳትነግር የቤት ጣጣ ብላ የተወችው ነገር በነጭ ሴት አፍ ሲነገር ጊዜ ጥንቆላ ነው የመሰላት። ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ።

መነኩሲቷ የአባቴን ሽንት አስቀብላ ሰማያዊ ውኃ ባለበት ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችና በእሳት ላይ ያዘችው። ሁላችንም ተጠግተን እናያለን። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የሸክላ ጡብ መሰለ።

"ቁምጥና አይደለም" አለች። "የስኳር በሽታ ነው።"

አባቴ ብርጭቆውን፣ ከዚያም እሷን አየ። "ስኳር እኮ አልወድም" አላት። እሷ በትዕግሥት አስረዳችው። በሰውነት ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ከእግር ላይ ስሜት እንደሚወስድ፣ ቁስሉም እንደማይድን፣ ከሰው ወደ ሰው ግን እንደማይተላለፍ ነገረችን። በመጨረሻም እግሩ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ እንደሚሞት፣ ሳትሸፋፍን፣ ዐይን ዐይኑን እያየች ነገረችው።

እኔ ቁምጥና አይደለም ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማሁም ነበር። ደስ ብሎኝ አዶትን አያለሁ፤ አዶት ግን ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ የገባኝ ማታ ስለ እግሩ ስትነግረኝ ነው።

አባቴ መጀመሪያ አልፈቀደም። በሁለት እግር መጥቼ በአንድ አልመለስም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አዶት አልለመነችውም። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?" ብቻ ነው ያለችው። እንደዚያ ፊቱን ሳያዞር ታሪኩን ነገራት፤ እኔም ሰማሁ።

አባቴ ሕፃን ሳለ አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ እግሩ ቆስሎ ነበር። ቁስሉ አልደርቅ ብሎ ጣቶቹ ሲጠቁሩ መንደሩ ቁምጥና ነው አለ። ከእንሰቱ ጀርባ ጎጆ ቀለሱለትና ከቤቱ አወጡት። ምግቡን ከሩቅ አስቀምጠው ይሸሻሉ። ክረምት ሲገባ ሞተ፤ ፍትሐት ሳይደረግለት እዚያው ጎጆው ሥር ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ሴት ልጁን የሚጠይቅ ባል ጠፋ። "እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ" አለ አባቴ። "ትልቋ እስክታገባ ብቻ ልደብቀው ብዬ ነው። ከሠርጉ በኋላ ራሴ ወጥቼ ልሄድ ነበር።"

ወዴት ሊሄድ እንደነበር አዶት አልጠየቀችም። በሦስተኛው ቀን እግሩ እንዲቆረጥ ፈቀደ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንድገባ ሲፈቅዱልኝ ያየሁት ብርድ ልብሱን ነው። በአንድ በኩል እስከ ግርጌ ድረስ ከፍ ብሏል፣ በሌላው በኩል ከጉልበቱ በታች ዝም ብሎ ተኝቷል። ስንት ቀን ሲነገረኝ ሰንብቶ እንኳ ያን ጠፍጣፋ ቦታ ሳይ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። አባቴ ነቅቶ ያየኛል። "ከአሁን በኋላ የምታጥቢው ቀለለልሽ" አለኝ። ሳቅሁ ልበል አለቀስኩ አላውቅም።

እዚያ ሁለት ወር ያህል ተኛ። ፋሲካን እዚያው ዋልን። ቁስሉ ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ ሊወጣ ሲል አዶትን ጠራትና "ያን ጠርሙስ የት አደረግሽው?" አላት።

"አሁን ደግሞ ለምን?"

"ለመድኩት" አላት።

እግሩን ስታይ ያልደነገጠችው አዶት ያን ጊዜ ደነገጠች። ግን አመጣችለት። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ በጋ ሲመጣ ያን ሽቶ ተቀብቷል፤ አሁን ግን አንገቱ ላይ ትንሽ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት።

ወልቂጤ ስንመለስ ሠርጉ ፈርሶ ጠበቀን። ጎረቤታችን በሹክሹክታ ያሉት ቃል ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል። አዶት የአማቾቻችን ቤት ድረስ ሄዳ የሰማያዊውን ውኃ ነገር አስረዳች፤ በአክብሮት ሰሟት፣ በአክብሮትም ሸኟት። ስኳር እግር ያስቆርጣል የሚለውን ማን ያምናል? እኛም ዐይናችን ስላየ እንጂ አናምንም ነበር። ታላቅ እህቴ ለሠርጉ የተሰፋውን ቀሚስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ስለ እጮኛዋ አንድም ቀን ስታነሣ አልሰማሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡታጅራ የሚያስተምር ሰው አገባች። ሱቃችንም ለጊዜው ገበያ ጠፋበት። አዶት ራሷ ገብታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተመልሶ የመጣው ደንበኛ ዐረቡ ነበር፤ እሱ ራሱ የሚሸጠውን ላምባ ከእኛ ገዝቶ ሄደ።

አባቴ በክራንች መሄድ ሲለምድ ቸሃ መሄድ እፈልጋለሁ አለ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ አጎቴ ባመጣው በቅሎ ሄድን፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። ዘመድ ቤት አልገባንም። በእንሰቶቹ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ አልፈን አንዲት ትንሽ ጎጆ ደጅ ቆምን። ያቺ ባል የጠፋባት የአጎቱ ልጅ ናት። አርጅታለች፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴን አወቀችው፤ ክራንቹን አይታም ምንም አልጠየቀችም። አስገባችን።

ክራንቹን ከግድግዳው አስደግፎ ተቀመጠ። ከዚያ "አባትሽ ውኃ ይጠማው ነበር?" አላት።

አሰበች። "እንስራ አይበቃውም ነበር" አለች። "እናቴ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ውኃ! ትል ነበር። ለምን ጠየቅኸኝ?"

ነገራት። ስለ ጉንዳኑ፣ ስለ ሰማያዊው ውኃ፣ ስለ እግሩ፤ እንደማይተላለፍም። ቀስ እያለ በጉራጌኛ ነገራት። ለእርግጠኝነት ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ የአባቷ ሌላ በሽታም ሊሆን እንደሚችል አልደበቀም። እሷ አንዴም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሩን ስታይ ቆየች። ከበሩ ወዲያ ያ ጎጆ የነበረበት ቦታ ነው፤ አሁን እንሰት በቅሎበታል።

"እግሩን ነክቼው አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "ልነካው ስሄድ እናቴ ትይዘኝ ነበር። እሱም ከዚያ ሆኖ አትምጪ ይለኛል።"

አባቴ የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበና የተቆረጠውን እግሩን ገለጠላት። አሮጊቷ ተጠግታ በመዳፏ ያዘችው። ሳትለቀው ብዙ ተቀመጠች።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ አባቴና እሷ አንድ ላይ ሆነው ለአጎቱ ፍትሐት አስፈቱለት፤ ተዝካሩም ጎጆው በነበረበት ቦታ ተበላ። የንስሐ አባታችን ቄስ ከወልቂጤ ድረስ መጡ። ከመንደሩ ሰው አንዳንዱ መጣ፣ አንዳንዱ ቀረ። የመጡት ሲበሉ እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች፣ ሳህኑን በእጇ እያቀረበች፣ ሁሉም ከእጇ እስኪቀበላት ድረስ ቆማ ትጠብቅ ነበር።